የተነሣው እጅጌ

ጥር 11

ወንድም ጋሼ፣

«ምን ዋጠሽ?» ብለህ ለላክኸው መልሱ ይኸው። ሰላምታውን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ፤ ዛሬ ጣቴ ከሰላምታ ሊጀምርልኝ አልቻለም። አልታመምኩም፣ አላገባሁም፣ ከትምህርት ቤትም አልተባረርኩም። የመጨረሻውን ግን «ገና» ብለህ አንብበው።

ሥራዬ ኮሪደር ላይ ተሰቀለልኝ ብዬ የጻፍኩልህ ትዝ ይልሃል? ለአንድ የሌለ ላውንደሪ አርማ ሥሩ ተብለን የሠራሁት ሸሚዝ። ገመድ ላይ የተሰጣ፣ መስመሩ ከአንገትጌው ተነሥቶ ሳይቋረጥ ዞሮ የሚገጥም፣ አንዱ እጅጌው መንገደኛን ሰላም እንደሚል ብድግ ያለው። ሚሊሜትር እንኳ አመስግኖኝ ነበር። ሚሊሜትር የምንለው የግራፊክስ አስተማሪያችንን ነው፤ ማስመሪያ ከኪሱ ስለማይጠፋ። እሱ ሰው ሲያመሰግን ያየ ተማሪ ከእኔ በፊት አልነበረም አሉ።

ባለፈው ሳምንት ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር ዘርግቷል፤ በአንድ በኩል የእኔን ፖስተር፣ በሌላው በኩል የተጨማደደ የልብስ ከረጢት። ከረጢቱ ላይ የእኔ ሸሚዝ አለ። የሚመስል አላልኩህም፣ የእኔው ሸሚዝ። ያው አንገትጌ፣ ያው መስመር፣ ያው የተነሣ እጅጌ። የክፍላችን ልጅ ለሴሚስተር እረፍት ቤተሰቦቹ ጋ ሄዶ ልብሱን በዚህ ከረጢት ይዞ ተመልሷል። ልጁ ደግሞ የእኛው ከተማ ልጅ ነው፤ ከረጢቱም ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ካለው ላውንደሪ የተሰጠው ነው። ሚሊሜትር ማስመሪያውን አወጣና ሁለቱን ሸሚዞች ለካ። ከዚያ «ይህን ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ከረጢቱ ግርጌ ላይ የታተመበት ወር አለ፤ እኔ ሥራዬን ካስገባሁበት ወር ይቀድማል። ስለዚህ ሌባዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ልጆቹም ገና ካሁኑ ሰላምታ ቀንሰውብኛል፤ አንዱ ቀልደኛ ጠረጴዛዬ ላይ የልብስ መቆንጠጫ አስቀመጠልኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ አሁን ደግሞ ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ምናልባት እናንተ ጋ ስመጣ በላውንደሪው በኩል አልፌ፣ አይቼው፣ ረስቼው፣ እጄ ብቻ አስታውሶት ይሆን?

ደግሞ እንዲህ እልና አንተ ትዝ ትለኛለህ። ሸሚዙ የተወለደው ከደብዳቤዎቻችን ግርጌ ላይ ነው፤ ወረቀቱም ይኸው እኔ ጋ አለ። የእኔ መሆኑን አንተ ታውቃለህ፤ ምስክሬ ነህ። የዲፓርትመንቱ ጉባኤ በመጪው ወር መጨረሻ ይቀመጣል። ማስረዳት ካልቻልኩ የመጨረሻ ዓመቴ እዚሁ ላይ ይቆማል፤ ይባረራሉ የተባሉት ሲባረሩ አይቻለሁ። እባክህ ላውንደሪው ድረስ ሂድና ማን እንደሠራላቸው ጠይቅልኝ። የማተሚያ ሱቁ አለቃህም የከተማውን ማተሚያ ቤት ሁሉ ስለሚያውቁ ሳያውቁት አይቀሩም።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ በስልክ ስናወራ መጣላታችን ስለማይቀርና እማዬም ስልኩ ላይ ተለጥፋ ስለምታዳምጥ ነው። ለእሷ ምንም እንዳትላት። ጉልበቷ እንዴት ሆነ? እንደ ልማዳችን ከግርጌ አንድ መስመር ጀምሬልሃለሁ፤ ጨርሰህ ላክልኝ።

ሰላም ላንተ ይሁን።
እህትህ


ጥር 20

ሚጣዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የእማዬ ጉልበት ደህና ነው፤ ምላሷ ግን ከጉልበቷ ይበልጥ ደህና ነው። ሐኪሙ «ደረጃ አይውጡ» ቢላት «ታዲያ ቢሮህን ምድር ቤት አታወርደውም?» አለችው። እኔ አፍሬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥርስ ሥዕል ሳነብ ቆየሁ። አለቃዬ አዲስ የወረቀት መቁረጫ አስገብተዋል። ቀኑን ሙሉ ሲወለውሉት ይውላሉ፣ እኛ ግን እንዳንነካው ተከልክለናል፤ ወረቀት የምንቆርጠው አሁንም በአሮጌው ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መነጽሩ ላይ ተቀምጦበት፣ መነጽሩን ፍለጋ ቤቱን ገለባብጦ ከረመ።

አንቺ በደንብ ትበያለሽ ወይ? ባለፈው የላክሽው ፎቶ ላይ አንገትሽ ብቻ ነው የቀረው ትላለች እማዬ።

ስለ ላውንደሪው ሄጄ ነበር፤ ዝግ ነው። ሌላ ቀን ብቅ እላለሁ። እኔ ብሆን ግን ነገሩን ያን ያህል አላከርረውም። ሸሚዝ መቼም ሸሚዝ ነው፤ በዓለም ላይ ስንት ሸሚዝ ተሰጥቷል መሰለሽ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? አስተማሪሽን ቀስ ብለሽ አናግሪው፤ እየለካ የሚፈርድ ሰው ልቡ ክፉ አይሆንም። ከረጢቱንም እርጥብ ነገር ላይ እንዳያስቀምጠው ንገሪው። ያ ሰማያዊ ቀለም ውኃ ሲነካው ይለቃል፤ ማስረጃ አገኘሁ ብሎ ጠረጴዛውን እንዳያቀልም።

የጀመርሽልኝን ጨርሼዋለሁ። ዣንጥላ መሰለኝ። አንቺ ሌላ ነገር አስበሽ ከነበረ ይቅርታ።

ወንድምሽ


ጥር 29

ወንድም ጋሼ፣

ከረጢቱ ሰማያዊ መሆኑን ማን ነገረህ?

ደብዳቤ ሁለት ጊዜ እንደምጽፍ ታውቃለህ፤ የመጀመሪያው እኔ ጋ ይቀራል። አውጥቼ አነበብኩት። ስለ ቀለም አንድ ቃል የለበትም። ፖስተሬ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። አንተ ግን ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ውኃ ሲነካው መልቀቁንም ታውቃለህ። ማስረጃ ሲበላሽ የሚያስጨንቀው ሰው ብዙ ነው፤ ቀለም ሲለቅ የሚያስጨንቀው ግን እዚያ ከተማ ውስጥ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋው።

ደሜ ፈላ ብልህ እዋሻለሁ። ይልቅ ደብዳቤህን ደግሜ አወጣሁት። ስለ እማዬ ጉልበት፣ ስለ ሰው መነጽር ገጽ ሙሉ ስትጽፍልኝ እየሳቅኩ ነበር የማነበው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ። ከሥሩ ንገረኝ።

ለነገሩ ዣንጥላ አልነበረም፤ ጀልባ ነበር።

እህትህ


የካቲት 8

ሚጣዬ፣

ጀልባውን አበላሽቼብሻለሁ። ሌላውንም እነግርሻለሁ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ወረቀቱን እንዳትቀጂው።

ሸሚዙ በደብዳቤ ሲመላለስ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ እኔ የመጣ ጊዜ፣ መልሼ ከመላኬ በፊት በሱቁ ማሽን ኮፒ አነሣሁትና ከባንኮኒው ጀርባ ለጠፍኩት። ያ ግድግዳ የናሙና ግድግዳ ነው፤ የሠርግ ካርድ፣ የዳቦ ቤት መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ቤት ወረቀት የሚለጠፍበት። የእኛ ደንበኛ የሚፈልገውን በአፉ መናገር አይችልም፤ በጣቱ እያሳየ «እንደዚያኛው» ነው የሚለው። ለምን ለጠፍከው ብትዪኝ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሠርግ ሳይ ከምውል አንድ የራሴ የምለው ነገር ልይ ብዬ ነው። ለሽያጭ አስቤው ከሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው።

እማዬን ሐኪም ቤት በወሰድኩ ቀን የላውንደሪው ባለቤት መጣች። ሴትዮዋ ግድግዳውን አየች፣ ጣቷን ቀሰረች፣ አለቃዬም አተሙላት። በማግስቱ ስገባ ከረጢቱ ተቆልሎ ጠበቀኝ። ያኔ «ይሄኛው የሚሸጥ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ከሥራ ወጥቼ ስሄድ ሰው ሁሉ እጅጌዬን አንጠልጥሎ ያልፋል። ለአንቺ ልጽፍ እልና ነገ እላለሁ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ይመጣል። ላውንደሪው ዝግ ነው ያልኩሽም ውሸቴን ነው፤ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

እጅጌዬን ነው ያልኩት፤ ተሳስቼ አይደለም። አሁን እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ። አንቺ መጀመሪያ የላክሽልኝ ሸሚዝ ሁለቱም እጅጌው ወደ ታች የወረደ፣ ተጨምቆ የተሰቀለ ጨርቅ ነበር። ያነሣሁት እኔ ነኝ። አንድ እርሳስ ለሁለታችን ከተሰጠን ጊዜ ጀምሮ ሕጋችን ያው ነው፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይጨርሳል። ኮሪደር ላይ ተሰቀለ ብለሽ የጻፍሽ ቀን እማዬ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችው። «ከሥሩ ስሜ በትልቁ ተጽፏል» የሚለው ላይ ስትደርስ እኔ የቀረውን እየጠበቅኩ ነበር። የቀረ አልነበረም። እማዬ እልል ስትል እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

እኔም ያን ትምህርት ቤት ተፈትኜ አልፌ እንደነበር ታውቂያለሽ። አባታችን ባያርፍ ኖሮ ሚሊሜትርን ከአንቺ በፊት የምለካው እኔ ነበርኩ። በአንቺ መግባት ቀንቼ አላውቅም፤ ይህንን ከልቤ ነው የምልሽ። ነገር ግን «የእኔ መሆኑን አንተ ታውቃለህ፣ ምስክሬ ነህ» ብለሽ ስትጽፊ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። የቱን ልመስክር? የሰረቅኩሽን ነው ወይስ የሰረቅሽኝን? እኔም ግራ ገብቶኝ ነው ስለ መነጽር የጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ


የካቲት 16

ወንድም ጋሼ፣

ከደብዳቤው ኋላ ተከትላ በመጣችው ቁራጭ ወረቀት «ልምጣ ወይ?» ብለሃል። አትምጣ። መጥተህ ምን እንደምትል አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ስምህን ለምን አልጻፍኩም? ይህንን ሳስብ ሰነበትኩ። መልሱ ያሳፍራል፤ አልታየኝም። ከደብዳቤያችን ግርጌ ያለው ነገር የአንተ ድርሻ፣ የእኔ ድርሻ የሚባል ነገር ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእኛ ነው፣ የእኛ ከሆነ የእኔ ነው ብዬ ወሰድኩት። አንተም እንዲሁ ብለህ ግድግዳ ላይ ለጠፍከው። አንተን ሌባ ልልህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስድቡ ዞሮ እኔኑ ያገኘኛል። እማዬ እልል ስትል አጨበጨብኩ ያልከው ደግሞ አንጀቴን በላው።

እጅጌውን ግን ያነሣኸው አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ። ወይም እስከ ትናንት እንደዚያ ነበር የማስበው። ወረቀቱን አውጥቼ የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፌ አየሁት። በላጲስ ብዛት ሳስቷል፤ እጅጌው አጠገብማ ብርሃን ያሳልፋል። ሦስት የእርሳስ ጠባሳ አለ፤ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ላይ። አንተ እርሳስ ትጫናለህ፣ እኔ አልጫንም። ወደ ታች ያለው የእኔ ነው፣ ወደ ጎን ያለው የአንተ ነው። ወደ ላይ ያለው ግን ግማሹ የተጫነ ነው፣ ግማሹ አይደለም። አንተ ወደ ጎን ዘርግተኸው እኔ አነሣሁት? ወይስ አንተ አንሥተኸው እኔ ላዩ ላይ ደገምኩበት? ውሉ ጠፋብኝ። ባየሁት ቁጥር የተለየ መልስ ይሰጠኛል፤ ጠዋት የአንተ ይሆንና ከሰዓት የእኔ ይሆናል።

ለሚሊሜትር ወረቀቱን ወሰድኩለት። «ቀን የለውም» አለ። አገላበጠውና «ይሄ ወደ ላይ የሄደው የማን እጅ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእኔ» አልኩት። እየዋሸሁ ይሁን እውነት እየተናገርኩ አላወቅኩም። ሰው ሲዋሽ መዋሸቱን እንኳ ማወቅ አለበት።

አንተ ምንም እንዳታደርግ። ለአለቃህ እንዳትነግራቸው፣ ለትምህርት ቤቱም እንዳትጽፍ። የአንተና የእማዬ ቤት በዚያ ሱቅ ነው የቆመው። እኔ ያመጣሁትን ጣጣ እኔው እወጣዋለሁ።

ከግርጌ ምንም አልጀመርኩልህም። ቂም እንዳይመስልህ፤ መጀመር ፈርቼ ነው።

እህትህ


የካቲት 25

ሚጣዬ፣

እማዬ በስልክ ምን እንዳለችሽ ከጥያቄሽ ገባኝ። አዎ፣ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። ከሰዓትም እንዲሁ። አልታመምኩም። ከአለቃዬ ጋር ለጊዜው ተለያይተናል። እሳቸውን እንዳትቀየሚያቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «ከሱቄ የወጣ ሥራ የሰው ነው ብለህ በጽሑፍ ከሰጠህ ነገ ማን አምኖ ያሠራኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያኔ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

እንግዲህ እንዳታደርግ ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ለሚሊሜትርሽ ሸሚዙም እጅጌውም የእህቴ ነው፣ ሳላስፈቅድ ኮፒ አንሥቼ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ልኬለታለሁ። ስለ እጅጌው ዋሽቼ ይሆን? እኔም እንዳንቺው ነኝ። ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ በቃሌ ልሥለው ስሞክር ሰነበትኩ። ሸሚዙ ይመጣል፤ እጅጌው ግን የታሰረ ይመስል እንቢ ይለኛል። እማዬ አየችውና «ይሄ ሰላምታ ነው ወይስ ትራፊክ?» አለችኝ። ወደ ጎን ማውጣቴን አስታውሳለሁ። ወደ ላይ ማንሣቴን ግን፣ ስንት ወር ሙሉ የእኔ ነው ስል የኖርኩትን፣ አሁን ማስታወስ አቃተኝ። ተናድጄብሽ የጻፍኩት ደብዳቤ ጸጸተኝ፤ ያንን እንኳ አጥርቼ አውቃለሁ።

የላውንደሪው ባለቤት ወሬውን ሰምታ ቤት ድረስ መጣች። ልትጣላኝ ነው ብዬ በሩን በግማሽ ከፈትኩ። «እኔ ሸሚዙን አልቀይርም» አለችኝ፤ «ደንበኛ ገና ሲገባ እሱን አይቶ እጁን ያነሣልኛል። ብቻ የሠራውን ሰው ስም ጽፈህ የመስኮቴን መስታወት ቀባልኝ፤ ሰው የሰው ነገር ወሰደች እንዳይለኝ።» እማዬ «ሥራ ከነእግሩ በር ድረስ ሲመጣ እንቢ አይባልም» ትላለች። የማንን ስም ነው የምጽፈው? «እያሰብኩበት ነው» ብዬ ሸኘኋት።

ጉባኤው ካለፈልሽ በኋላ ጻፊልኝ። ባያልፍልሽም ጻፊልኝ። ከግርጌ እኔም ምንም አልጀመርኩም፤ ይህን አንዱን ለብቻሽ መጨረስ ያለብሽ ይመስለኛል።

ወንድምሽ


መጋቢት 8

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ይኸው ዛሬ ከሰላምታ ጀመርኩ። በዚያች ባለ ሁለት መስመር ወረቀትህ ለጠየቅኸኝ መልሱ፦ አልፌያለሁ። በጠባቡ በር ተጋፍቼ ነው፣ ግን አልፌያለሁ።

የጻፍክላቸው ደብዳቤ መድረሱን አላወቅኩም ነበር። ጉባኤው ፊት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ «እጅጌው የወንድሜ ነው፣ ስሙን አልጻፍኩለትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ ሚሊሜትር ዞረ። እሱም ከፋይሉ ውስጥ የአንተን አወጣና ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። እንዳታደርግ ብዬህ አልነበር? ሲጨርስ ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ሌቦች ሲካካዱ ብዙ አይቻለሁ፤ ሲሰጣጡ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አሁን የትኛችሁን ነው የምንቀጣው?» አለ።

ያንን ሥራ ሰረዙት። ሊያምኑኝም ሊያባርሩኝም ስላልቻሉ፣ እዚያው ተቀምጬ ለብቻዬ ሌላ እንድሠራ ወሰኑ። ባዶ ክፍል፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ከጀርባዬ ሚሊሜትር። የፈለግሽውን ሥሪ አሉኝ። የፈለግሽውን ሲሉኝ የመጣልኝ ያው ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ያለ እስከማይመስለኝ ድረስ ጠፋብኝ። ከአንገትጌው ጀመርኩ። እጅጌው ጋ ስደርስ እጄ ወደ ላይ ሊሄድ አለ። ያዝኩት። እጄ ያንን የተማረው ከአንተ ይሁን ከራሴ አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ ስሜን ጽፌ ማስገባት አልቻልኩም። ሁለቱንም ወደ ታች አወረድኳቸውና ጨረስኩ። ሚሊሜትር ለካው፣ ራቅ ብሎ አየው፣ «ንጹሕ ነው፤ ግን የደከመው ሸሚዝ ነው» አለ። ማለፊያ ሰጠኝ።

ከሥሩ ስሜን ብቻ ጻፍኩ፤ በዚያ ትምህርት ቤት ሳልጠራጠር የጻፍኩት እሱን አንዱን ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ስወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ፣ ድሮ ፖስተሬ የነበረበት ባዶ ቦታ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለ ከረጢቱ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እሱም መሀረብ ፍለጋ ኪሱን ሲበረብር ቆየ።

የማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። እንደማናውቀው ግን አሁን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ለጊዜው ይህ ይበቃኛል። አለቃህ ተመለስ ብለው እንደላኩብህ፣ አንተም ዝም እንዳልካቸው እማዬ ነግራኛለች። መሄድ አለመሄዱ የራስህ ነው። ከዚያ በፊት ግን የምትሠራልኝ ሥራ አለ።

ያለፍኩበትን ወረቀት መልሰውልኛል፤ ከዚህ ጋር አብሬ ልኬልሃለሁ። ከስሜ ጎን ስምህን ጻፍና ለሴትዮዋ መስኮት እሱኑ ውሰድላት። ሁለቱም እጅጌ ወደ ታች ነው፤ አንዱን አንሣልኝ። እርሳሱን እንደ ልማድህ ጫን አድርገው፤ እኔ ላጲስ አላነሣም።

እህትህ